የቁልቁለቱ ዋንዛ

ለምወድህ ወንድሜ ለሲላስ፤

የጌታ ሰላም ከደጅህ እስከ ጓዳህ ይሙላልህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረትህን የሚይዝህ ሳል በእርግጥ ለቀቀህ? የእናንተም አገር ብርድ በእኛ ክረምት ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ አንተን እያሰብኩ ከረምኩ። ባለቤትህ ሰላማዊት እንዴት ናት? ትንሹ ሙሌስ አፉን ፈታ? በዚያው አገር ቋንቋ ፈታ ቢሉኝም አልከፋም፤ የአክስቱን ስም ብቻ ይልመድልኝ። የሱቅህስ ነገር? የሰበሩብህ በር ተጠገነ? ሰው አለመጎዳቱ ይበቃል፣ ዕቃ ይተካል።

እኔ እዚህ ዲላ፣ በዚያችው በምታውቃት አንድ ክፍል ቤቴ፣ እንደ ሁሌው መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀምኩ አለሁ። ዓይኔ የቅርቡን ማየት እያስቸገረው ነው እንጂ ሌላው አካሌ ደህና ነው። እማዬም እዚያው አገር ቤት ኮንጋ አለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ጆሮዋ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ስለት ነው። «ካንተ ናፍቆት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ። ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲያስተምሩን እንደዚያ ነበር የሚያስጽፉን። ግን ሁላችንም ደህና አይደለንም።

ይህን የሚያደርስልህ ደመላሽ ነው። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤተሰቡን ሊያይ መጥቶ ነበር፣ የዛሬ ሳምንት ይመለሳል። የእሱ ሱቅ ካንተ ሱቅ ብዙ እንደማይርቅ ነገረኝ። በእጁ ስጠው፣ ቁጭ ብሎ ሲያነበውም እይልኝ ብዬዋለሁ። እንግዲህ ሰውየውን በር ላይ እንዳታቆመው፣ ሻይ አጠጣው።

ስልክ ደውዬልህ ነበር። ደጋግሜም ደወልኩ፣ አላነሣህም። አልተቀየምኩህም። ከዚህ አገር ቁጥር ስልክህ በጮኸ ቁጥር አንድ ሰው እጁን እንደሚዘረጋብህ አላጣሁትም፤ ማን ያላስቸገረህ አለ? ስለዚህ ከመነሻው ልንገርህና ልብህ ይረፍ፤ በዚህ ደብዳቤ ገንዘብ አልጠይቅህም። እስከ መጨረሻው ብታገላብጠው አታገኝም። የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ ካንተ በቀር የሚሰጥ የለም። ደብዳቤ አንድ ደግ ነገር አለው፤ እንደ ስልኩ ቃሌን ከአፌ አትነጥቀኝም።

ነገሩ የወንድማችን የወንድይፍራው ነው።

ይርጋጨፌ የቡና መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ እንደሚሠራ ታውቃለህ። ባለፈው የቡና ወቅት ማብቂያ ላይ ወገቡን ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ፤ በቅቤ አሸነው፣ ጸለይንለት፣ ትንሽ ቀለል አለው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ጭራሽ ጎንበስ ማለት አቃተው። ጫኝና አውራጅ ደግሞ ካልተሸከመ ገቢ የለውም፤ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር ለቢሮ ሰው ነው። ቤት ዋለ። ሚስቱ ማርቲ ጨነቃትና ላንተ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም። የጨነቀው ሰው ቃል አይመርጥም፣ ምናልባት አስቀይማህ ይሆናል።

አንተም መልሱን በድምፅ ላክህ። መቼም ያንተ ድምፅ ሲመጣ በቤታችን አንድ ሰው ለብቻው ሰምቶ አያውቅም። እማዬ ጆሮዋ ስለደከመ ማርቲ ስልኳን ቁመቱ ረዘም ያለ ኩባያ ውስጥ ትከተዋለች፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ማጉያ ይጮኻል። «ሲላስ ተናገረ» ሲባል ከታች ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ ብቅ ይላሉ። አንተ ደግሞ የሁሉንም ስም እየጠራህ ነው ሰላም የምትለው፤ ሰው ስሙ ከደቡብ አፍሪካ ሲጠራ መስማት ደስ ይለዋል። የዚያን እሁድም ከጸሎት መልስ እንደዚያው ተሰበሰብን። እኔም ከዲላ ሄጄ ነበር። ወንድይፍራው ግድግዳውን ተደግፎ ተጋድሟል። ስማችንን ጠራህ፣ ሁላችንም ፈገግ አልን። ከዚያ እንዲህ አልክ፦

«ወንድይፍራውና እኔ ከአንድ አባት፣ ከአንድ ማሳ ነው የተነሣነው። እኔ ሠርቼ ሰው ሆንኩ፣ እሱ ጋደም አለ። ድህነት ከጭንቅላት ነው የሚጀምረው። ደጁ ላይ ሁለት ዋንዛ ቆሞለት መጥረቢያ ማንሣት የሰነፈን ሰው እኔ ምን ላድርገው?»

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ማርቲ ስልኩን ከኩባያው ለማውጣት ስትሽቀዳደም ኩባያው ወደቀና ድምፅህ መሬት ላይ ሆኖ ተናገረ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን ፈለጉ። እማዬ «ስለ ዋንዛው ምን አለ?» ብላ ደጋግማ ትጠይቃለች። እኔ ወንድይፍራውን ማየት ፈርቼ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። እሱ ግን «ድምፁ ጠርቷል፤ ሳሉ ለቆታል ማለት ነው» አለ። አንጀቴ የተቆረጠው ያኔ ነው፣ ሲላስ። ቢቆጣ፣ ቢሰድብህ እመርጥ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ገና ሳይነጋጋ የእማዬን መቀነት ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወጣ። ማርቲ በር ላይ ቆማ ለመነችው፣ አልፏት ሄደ። ይርጋጨፌ መጋዘን ገብቶ ጆንያ ተሸከመ። ያን ቀን ዋለ። ማታ ቤቱ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ «ይኸው፣ ሠርቼ መጣሁ» አላት። በሁለተኛው ቀን የጭነት መኪናው ላይ የሚወጡበት ጣውላ መሃል ሲደርስ እግሩ ከዳው። ጆንያው እላዩ ላይ መጣ። ጓደኞቹ በሞተር ማምጣት አልሆን ብሏቸው በሚኒባስ አስተኝተው ዲላ ሆስፒታል አደረሱት። እኔ ከለቀማ ተጠርቼ ስደርስ እግሩን እያየ «ይሄ የኔ አይመስለኝም» ይለኛል።

ተመስገን፣ አሁን በከዘራ ይሄዳል። ሐኪሙ ግን ለብቻዬ ጠርቶ እንቅጩን ነግሮኛል፤ የጀርባው አጥንት ነርቩን ተጭኖታል፣ አንድ ጊዜ ከባድ ነገር ካነሣ ከዚያ በኋላ በራሱ እግር አይቆምም አለኝ። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ፈልጉለት አለ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ለሐኪም ምን ይባላል?

«ድህነት ከጭንቅላት ነው የሚጀምረው» ያልካትን አባባል ከየት እንዳገኘሃት አውቃለሁ። እኛም ዘንድ መጥታለች። አምና አንድ ወጣት አሰልጣኝ እኛን ቡና ለቃሚ ሴቶችን ሰብስቦ እሷኑ ነገረን። አትሳቅበት፣ ጠባዩ ወርቅ የሆነ ልጅ ነው፤ ሲጨርስ ከራሱ ኪስ ሻይ አጠጣን። ማልዳችሁ ተነሡ፣ ቆጥቡ፣ ትንሽ ነገር ጀምሩ አለ። ማልዶ መነሣቱን እንኳ ለኛ ባይነግረን ይሻለው ነበር፤ እኛ ካልነቃን ዶሮውም አይጮኽ። ሌላው ግን ልቤ ገባ። እውነቴን ነው። እቁቤ ሲወጣልኝ ቄቦች ገዛሁ። እያንዳንዳቸውን ስም አወጣሁላቸው። እንቁላል ጀመሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከኔ ነው የሚገዛው። «ባለ ሀብት» እያሉ ያሾፉብኝ ጀመር፣ እኔም ሳልወድ አልቀረሁም።

ከዚያ ጎረቤቴ «ፈንግል ገብቷል፣ ሐሙስ የክትባት ሰው ይመጣልና አስከትቢ» አለችኝ። ሐሙስ ደግሞ መጋዘናችን ለጭነት የሚጣደፍበት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የቀረች ለቃሚ በማግስቱ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ታገኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት አስከትባለሁ አልኩ። ሰኞ ጧት ቆጡን ስከፍት ሁሉም እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለዋል። እንግዲህ አንተ ፍረደኝ። ጥፋቱ የኔ ነው? አዎ፣ ተነግሮኝ ነው ያዘገየሁት። የፈንግሉ ነው? እሱም አዎ። ሐሙስ ቀን ከሥራ መቅረት እንዳልችል ያደረገኝስ? እኔ ዛሬም ድረስ አልቆረጠልኝም። ያን ልጅ ግን ባገኘው አልወቅሰውም፤ ሻይውን ጠጥቻለሁ።

አብራኝ የምትለቅመው ጽጌማርያም በዚህ ነገር ሁልጊዜ ትሟገተኛለች። የሰሜን ሰው ናት፣ ከእኔ በፊት ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው። «ሰው ከቆረጠ አያቅተውም፤ እኔ በዚህችው በለቀማ ልጄን መምህር አድርጌያለሁ» ትላለች። አድርጋለች፣ እኔም ምስክር ነኝ፣ ክብር ይገባታል። ሲደክማት ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ መምህሩ ወር አጋማሽ ላይ እሷ ቤት መጥቶ እንደሚበላ ትነግረኛለች። ደሞዙ አይደርስለትም። እሷም አልሰነፈች፣ እሱም አልሰነፈ። እስኪ ይህን በየትኛው ጭንቅላት እንጀምረው?

ወደ ነገሬ ልመለስ። አሁን የምጽፍልህን አባታችን እንዳልናገር አስሮኝ ነበር። እስከ ዛሬ በሆድ ይፍጀው ይዤዋለሁ። አባታችን በሰላም ይረፍ፣ እኔ ግን የአንዱን ወንድሜን እግር ለማዳን የሞተ ሰው ቃል ላፈርስ ነው።

ያኔ ስትሄድ አንተ ሞያሌ ደርሰህ ደላላው ቤት ተቀምጠህ ነበር። ሰውየው ሙሉ ሂሳቡ ካልመጣ አላሻግርም አለ። አባታችን መሬት ከመስጠት ሌላ መንገድ አልነበረውም። መሬት አይሸጥም ይላል ሕጉ፣ ስሙን ኪራይ አሉት፤ የሄደ መሬት ግን አልተመለሰም። ለአንተ በስልክ የተነገረህ «ድርሻህን ሸጠን ላክንልህ» ተብሎ ነው። አንተም እንደዚያ አምነህ ሄድክ፣ እስከ ዛሬም የራስህን በልተህ እንደሄድክ ነው የምታውቀው።

ያንተ ድርሻ አልተሸጠም፣ ሲላስ። ያንተ ድርሻ የላይኛው ቁልቁለት ነበር። አንተ በተወለድክበት ክረምት አባታችን ሁለቱን ዋንዛዎች በስምህ የተከለው እዚያ ነውና። የአባታችንን ደንብ ታውቃለህ፤ የልጅ ዛፍ የቆመበት መሬት የልጁ ነው፤ የትኛው ዛፍ በማን ስም እንደቆመ ግን ገና አልነገራችሁም ነበር። የወንድይፍራው ድርሻ የታችኛው ነበር፤ መንገድ ዳር ያለው፣ ሜዳው፣ እንሰቱና ደህናው ቡና ያለበት። አንተ «ድርሻዬን ሽጡልኝ» ብለህ ነበርና አባታችን ገዢውን መጀመሪያ ወደ ቁልቁለቱ ነው የወሰደው። ነጋዴው ሽቅብ አይቶ ሳቀ፤ «እዚህ ምን ላደርግ ነው፣ ፍየል ላረባ?» አለው። ሜዳውን ፈለገ።

አባታችን ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሽማግሌዎቹን በሶንጎው ሸንጎ ላይ አስቀመጠና ወንድይፍራውን አስጠራው። ዘጠነኛ ክፍል ነበር፣ የትምህርት ቤት ልብሱን እንደለበሰ መጣ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ወዲያ ቆሜ እሰማለሁ። አባታችን «ወንድምህ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ያለው ያንተ ነው፤ ትሰጣለህ ወይ?» አለው። እሱም ዙሪያውን አየና «ይሂድ» አለ። ይቺው ናት። አንድ ቃል።

ታዲያ ቁልቁለቱን ለምን አልለወጠለትም ትል ይሆናል። አባታችን በልጅ ስም የቆመ ዛፍ ባለቤቱ በሕይወት እያለ በራሱ አፍ ካልሰጠ በቀር አይተላለፍም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። አንተን እንዳይጠይቅ ደግሞ የታናሽህን ድርሻ በልተህ እንደሄድክ ካወቅክ ሞያሌን አትሻገርም ብሎ ፈራ። ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፊት «ቁልቁለቱ ላይ ኑር፣ የበቀለውን ብላ፣ ዛፎቹን ግን አትንካ፤ ሲላስ ሲመለስ በአፉ ይሰጥሃል» አለው። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ዝም እንድል አስማለኝ። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ትቆያለህ ብሎ ነው የገመተው። አንተ ሳትመለስ እሱ አረፈ።

ወንድይፍራው አሥረኛን አልጨረሰም። ሜዳው ከሄደ በኋላ ቤቱን የሚይዝ ጠፋ። ቁልቁለቱ ላይ ቡና ተከለ፣ ሁለት ክረምት ጎርፍ ወሰደበት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተከለ፣ ጥቂቱ ያዘለት። ያ ቡና ስለማይበቃ ነው ጆንያ መሸከም የገባው። ሲላስ፣ ከአንድ ማሳ አልተነሣችሁም። አንተ የተነሣኸው በእሱ ማሳ ላይ ቆመህ ነው።

መልአክ ነው አላልኩህም ደግሞ። አባታችን ካረፈ በኋላ ዓመት ሙሉ ጠጥቷል። የተሻሻለ የቡና ችግኝ ለገበሬ ሲታደል እሱ ፍስሐ ገነት ጠጅ ቤት ነበር፤ ሲመለስ አልቋል። ማርቲን አስለቅሷል። ይህ የራሱ ጥፋት ነው፣ ማንም ላይ አልለጥፍለትም፣ ያኔም በአፌ ገርፌዋለሁ። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰውም ይሰናከላል፤ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ይቀጥላል። ቁልቁለት ላይ የተሰናከለ ግን የሚገኘው ታች ነው። የሁለቱ ጥፋት አንድ ነው፣ ዋጋው ነው የተለያየው።

ያንተንም ላብ አላራክስም። በጫካ ሄደህ፣ በኮንቴይነር ታፍነህ፣ ሽጉጥ ግንባርህ ላይ ተደግኖ ሱቅ ከፍተህ እንደቆምክ አውቃለሁ። ሠርተሃል። እማዬን እስከ ዛሬ የጦርካት አንተ ነህ፣ ጌታ ዋጋህን ይክፈልህ። መሥራትህ እውነት ነው፤ ሌላው አልሠራም ማለትህ ግን እውነት አይደለም።

ስለ ዋንዛው ደግሞ ስማ። ወንድይፍራው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ጣውላ ሰንጣቂዎች ሁለት ጊዜ ደጁ መጥተው ነበር። አንዱን ብቻ ቢሰጣቸው ዘንድሮን ቁጭ ብሎ ያሳልፍበታል፣ መንገድ ዳር ትንሽ መደብ ይከፍትበታል። እኔም ከቀን ሂሳቤ ላይ ለመኪና አውጥቼ ኮንጋ ሄጄ፣ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ለመንኩት። «የሰው ዛፍ ነው» አለኝ። ሲላስ እኮ ራሱ ለምን አልቆረጠም ብሏል፣ አልኩት። «እሱ የኔ መስሎት ነው። ሳያውቅ የሰጠውን መቀበል ሌብነት ነው» አለኝ። እንግዲያው ልንገረው ስለው ጭራሽ ተቆጣ። አንተ መጥረቢያ ማንሣት የሰነፈ ያልከው ሰው ይኸው ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይሉ የለ? እሱ የወደቀው ያልወደቁትን ዛፎችህን ሲጠብቅ ነው።

አሁን ቡና ሊደርስ ነው። ጥቅምት ሲጋመስ መጋዘኖቹ ጫኝ መጥራት ይጀምራሉ። ካቦው ለወንድይፍራው ቦታ እንዳለው ነግሮታል፣ እሱም እመጣለሁ ብሏል። ማርቲ ጧት ጧት ከቤቱ ጀርባ ጄሪካን ውሃ ሞልቶ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ አይታዋለች፤ ወገቡን እያለማመደ ነው። ሐኪሙ ያለውን ነገርነው፣ ፓስተሩ መከረው፣ እማዬ አለቀሰች፣ ልጁ ሳሮን ከዘራውን ደበቀችበት። አይሰማም። «ሲላስ እውነቱን ነው፤ ተጋድሜ ነው የከረምኩት» ይላል። በዚህ ዓመት እግሩን ካጣ ማርቲ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ይዛ ትቀራለች፣ ሳሮን ከአራተኛ ክፍል ወጥታ እኔ ዘንድ ለለቀማ ትመጣለች። ከእኔ ጎን የምትቀመጥበትን ወንበር በሐሳቤ እያየሁት ነው፣ እሱንም ማየት አልፈልግም።

ስለዚህ የምለምንህ ይቺ ናት። ጥቅምት ሳይጋመስ ድምፅህን ላክልን። እንደ ሁሌው የሁሉንም ስም ጥራ። ማርቲ ስልኳን ኩባያው ውስጥ ትከተዋለች፣ እኔም ከዲላ እሄዳለሁ፣ ጎረቤቶቹንም አስጠራለሁ። ያን ቀን የነበሩት አንድም እንዳይቀሩ። ከዚያ በራስህ አፍ «ወንድይፍራው፣ ቁልቁለቱም ዋንዛዎቹም ያንተ ናቸው፤ ቁረጥና ተቀመጥ» በለው። ይቅርታ ብትጨምርበት መልካም፣ ካልሆነልህም እሱ አይጠይቅህም። ከዚያ አልጋ ላይ ያስነሣው ያንተ ቃል ነው፤ የሚያስቀምጠውም ያንተ ቃል ብቻ ነው።

ተቆጥቼ ከጻፍኩ ታላቅህ ነኝና ቻለው። ይቺ ጀርባዬ አንተንም እሱንም አዝላለች፣ አንዳችሁንም ከሌላችሁ አላስበልጥም።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስ። ሰላማዊትን ጉንጯን ሳምልኝ። ሙሌን አንገቱ ሥር ሳምልኝ። እማዬ እጆቿን ዘርግታ መርቃሃለች፣ ምርቃቷ ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ አይበቃም። ማርቲ አልተቀየመችህም፣ ሰላም ብላሃለች። ሳሮን ከክፍሏ ሁለተኛ መውጣቷን ንገሪልኝ ብላኛለች። ጽጌማርያምም ሳታውቅህ ሰላም ትልሃለች።

ወንድይፍራው ይህን ሁሉ እንደምጽፍልህ አያውቅም፤ የሰላምታ ደብዳቤ ነው ብዬዋለሁ። ለሲላስ ምን ልበልልህ ስለው ብዙ አሰበና እንዲህ አለኝ፦ «ዋንዛዎቹ ደህና ናቸው በይው። ክረምቱ ላይ ነፋስ ያንዱን ቅርንጫፍ ሰብሮበታል። ማርቲ ልታነድደው ነበር፣ ከልክያታለሁ። ከቤቱ ጀርባ ዝናብ በማይነካው በኩል አስቀምጬለታለሁ፤ ሲመጣ ያገኘዋል።»

እህትህ ጸሐይ

ዲላ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.